ዳማ ስንት ጆንያ ይጫን?

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1975

ጋሽ ቱፋ ሦስት ጆንያ አሉ፤ መምህር ዳንኤል አንድ አለ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ንቅንቅ አላሉም። የመጣልን ሻይ ላዩ ላይ አቧራ ለበሰ።

የተጣሉት በዳማ ነው፣ በእህቴ በአስካለ ፈረስ። እሑድ የሜይ ዴይ ሰልፍ ካበቃ በኋላ፣ ወደ ሶደሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው ሜዳ ላይ አምስት ጋሪዎች ይወዳደራሉ። ፈጣኑ ፈረስ ብዙ የአሸዋ ጆንያ ይጫንበታል፤ ዘገምተኛው ትንሽ። ሁሉም እኩል ዕድል እንዲኖረው ነው። ማን ስንት እንደሚጫን የምንወስነው እኛ ሦስታችን ነን። የጋሪ ነጂዎች ማኅበር ሊቀ መንበር «የክብደት ኮሚቴ» ብሎ ሰይሞናል። ዳንኤል የሒሳብ አስተማሪ ስለሆነ፣ ጋሽ ቱፋ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከአርሲ ፈረስ እያመጡ ስለሸጡ፣ እኔ ደግሞ ማዘጋጃ ቤት ከመግባቴ በፊት ጃንሜዳ የፈረስ ውድድር ውጤት እጽፍ ስለነበር።

ሽልማቱ ጥንድ አዲስ ጎማ ነው። በዚህ ዘመን ጎማ የሚገኘው በፈቃድ ነው፤ ፈቃዱ ግን አይገኝም። አስካለ ባሏ ከዘመተ ወዲህ ጋሪውን የምትነዳው ራሷ ናት። የጎማዎቿ ሸራ ወጥቷል። ጎሚስታው ከእንግዲህ አልለጥፍልሽም ብሏታል፤ የምለጥፍበት ጎማ የለም አለ። ክረምት ሲገባ ጋሪው ይቆማል። ጋሪው ከቆመ ቤቱም ይቆማል፤ ሦስት ልጆች አሉ።

እህቴ መሆኗን የተናገርኩት በመጀመሪያው ስብሰባ ነው። ከዳማ ጉዳይ ልውጣ አልኩ። ሊቀ መንበሩ ሳቀ። «ጓድ፣ ናዝሬት ውስጥ ዘመድ የሌለው ዳኛ ካገኘህ አምጣልኝ» አለ። ከአምስቱ ፈረሶች ሦስቱን የሸጡት ጋሽ ቱፋ ናቸው። የዳንኤል አከራይ የአንዱ ጋሪ ባለቤት ነው። እኔም ቀረሁ።

እንግዲህ ድምፁ አንድ ለአንድ ሲሆን የሚወስነው የእኔ ነው። ዛሬ ሁለቱም አዩኝ። የመጨረሻውን ሙከራ እንይ አልኩ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 19

ሙከራው አለቀ። እያንዳንዱ ፈረስ እኩል ጭኖ ከባቡር ጣቢያ እስከ ጤና ጣቢያ በሦስት ቀን ሦስት ጊዜ ሮጧል። መንገዱ አስፋልትና ቀጥ ያለ ነው። እኔ ከወዲህ ነጭ ጨርቅ ስጥል ዳንኤል ከወዲያ አይቶ ሰዓቱን ያስነሳል። ጋሪው ከተነሳ በኋላ ግን ከአቧራው በቀር የሚታይ ነገር የለም።

የዳንኤልን አሠራር ልጻፈው፤ ማየቱ ደስ ይለኛል። ከትምህርት ቤቱ የስፖርት ክፍል የተዋሰውን የሩጫ ሰዓት አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። የጤና ጣቢያው አጥር ላይ ብጫቂ ጨርቅ አስሯል። ጨርቁ ከወደቀ ነፋስ የለም፤ ከተወጠረ አለ። የዚህ ከተማ የከሰዓት ነፋስ ሰው ከነጋሪው ወደ ኋላ ይገፋል። ስለዚህ ከሰዓት የሮጠውን ጠዋት ከሮጠው ጋር እንደወረደ አያወዳድርም፤ በነፋስ ለሮጠው ያስብለታል። ሙቀቱንም ያስባል። መጨረሻ ላይ ለእያንዳንዱ ፈረስ አንድ ቁጥር ያወጣና «ነጥብ» ይለዋል። ነጥቡን የሚጽፈው በአንድ የመፈክር ሰሌዳ ጀርባ ላይ በጠመኔ ነው። ሊቀ መንበሩ ሰሌዳው ለእሑድ ፊቱ ይመለስ ብሎ ሁለቴ አሳስቧል።

እንዲህ ያለ ሥራ ጃንሜዳ እንኳ አላየሁም። እዚያ ማን ቀደመ ይባላል እንጂ ነፋሱ ከማን ጋር ነበር የሚል አልነበረም።

ጋሽ ቱፋ ሰዓት አያዩም። መድረሻው ላይ ይቆማሉ። ፈረሱ ሲደርስ መዳፋቸውን ጎኑ ላይ፣ ከክንዱ በስተኋላ ያሳርፋሉ። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከዚያ አፍንጫውን ያዩና ጆሮውን ይነካሉ። እስኪጨርሱ የሚያናግራቸው የለም። ነጂዎቹ እንኳ ይፈሯቸዋል።

ዛሬ ከመነሻው ተከትዬ ስደርስ ዳማ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሣር ይፈልግ ነበር።

«እዩት» አሉ። «ይሄ ሮጦ መጣ? ይሄ ለሽርሽር የወጣ ነው።»

«ከአምስቱ በሰዓት የዘገየው እሱ ነው፣ ጋሽ ቱፋ» አለ ዳንኤል።

«ፈረስ ሲሮጥ ይዋሻል፣ ልጄ። እውነቱን የሚናገረው ሲቆም ነው።»

«ለቆመ ፈረስ ጎማ አንሸልምም።»

ጋሽ ቱፋ ራሳቸው ሳቁ። እንዲህ ሲሆኑ እወዳቸዋለሁ። ተሰዳድበው አያውቁም፤ ተስማምተውም አያውቁም።

ቀጥሎ በቦራ ተከራከሩ፣ በከድር ፈረስ። ቦራ አንድ ቀን በጣም ፈጠነ፤ ሁለት ቀን ጎተተ። ዳንኤል የሦስቱ ቀን አማካይ ይወሰድ አለ። የአንድ ቀን ጀግና ሁሌ ጀግና አይደለም፣ ያን ቀን መንገዱ ባዶ ይሆናል፣ ፈረሱም እንቅልፉን ጠግቦ ይሆናል አለ። ጋሽ ቱፋ ከሁሉ የበለጠው ቀን ይወሰድ አሉ። ፈረስ ከአቅሙ በላይ ሊሮጥ አይችልም፤ አንድ ቀን ከቻለ ይችላል ማለት ነው፤ ያልሮጠባቸውን ቀኖች ፈረሱን ሳይሆን ነጂውን ጠይቁ አሉ። ከዚያ ሄደው የቦራን ከንፈር ገለጡ። ልጓሙ የሚያርፍበት ጠርዝ ተልጧል።

ከድር ልጓሙ አዲስ ስለሆነ ነው አለ። ሁሉም ሳቁበት። ቀላል ጭነት እንዲደርሰው ሁለት ቀን ሙሉ ፈረሱን አንቆ ነድቷል።

ዳንኤል የቦራን አማካይ በእጅጌው ጠረገና የበለጠውን ቀን ጻፈ። ተሸነፍኩም አላለም፣ ፊቱም አልጠቆረም። ከድርን «ያጠፋሁት ቁጥር የፈረስህ አልነበረም፣ የእጅህ ነበር» አለው። ለቦራ ሁለት ጆንያ ተፈረደ። ከእንግዲህ ልጓም ይዞ ያዘገየ ነጂ ከውድድሩ ይወጣል ብለንም ወሰንን።

ያኔ ጋሽ ቱፋ ወደ እኔ ዞሩ። «እህትህስ?» አሉ።

አምባላይ የሚባለው ፈረስ ባለቤት ሽፈራው ከጋሪው ላይ ቀደመኝ። ሽፈራው አፉ አያርፍም፤ ፈረሱ ግን ከሁሉም ይፈጥናል፤ ሦስት ጆንያ ደርሶታል። «የአስካለን ፈረስ ልጓም የሚይዘው የለም» አለ። «እሱ እየደጃፉ እንደምን ዋላችሁ ሳይል አያልፍም።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ጋሽ ቱፋ አልሳቁም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 20

ጠዋት ጋሽ ቱፋ ጣቢያው ድረስ መጥተው የዳማን ከንፈር አዩ። ንጹሕ ነው። አስካለ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አጠገባቸው ቆመች፤ ምን እንደሚፈልጉ አልነገሯትም፣ እሷም አልጠየቀችም። ሲመለሱ ግን ለእኔ፣ የሴት እጅ ቀላል ነው፣ ይዞም ምልክት አይተውም አሉኝ። ንግግሩ እስከ ምሳ ነጂዎቹ ዘንድ ደርሷል። ልጓም ይዛለች ካሉ ትወጣለች።

ከሥራ ስወጣ እህል ስለነበረኝ በእሷ ጋሪ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ስትነዳ አጠገቧ ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ልጓሙን በሁለት ጣት ነው የምትይዘው። ከጣቢያው ጥቂት እንደራቅን ዳማ አረንጓዴ በር ፊት ራሱ ቀነሰና ቆመ። ልጓም አልነካችም።

«እትዬ ጌጤ ዛሬ ቀናቸው አይደለም፤ ሂድ» አለችው። ሄደ።

ጥቂት ተጉዞ እንደገና ቀነሰ። ይሄኛው የልብስ ሰፊው ሚስት በር ነው፤ እግሯን ስለታመመች አስካለ በየሳምንቱ ጤና ጣቢያ ትወስዳታለች። ከዚያ ደግሞ ጠላ ሻጯ፤ ብቅል ታስፈጫለች። እንዲህ እያለ ወፍጮ ቤት ደረስን።

ለምን ወደ መናኸሪያው እንደማትሄድ ጠየቅኳት፤ ሌሎቹ የሚሠሩት እዚያ ነው። ወደዚያ የሚወስደው ፒስታ መሆኑን፣ ጠጠሩ የእሷን ጎማ በአንድ ቀን እንደሚጨርሰው ነገረችኝ። ስለዚህ አስፋልቱ ላይ አሮጊቶችና ሕመምተኞች ታመላልሳለች። ሙሉ ዓመት እንዲህ ሠርታለች።

ያኔ ገባኝ። የሞከርነው ዳማ በየቀኑ በሚሠራበት መንገድ ላይ ነው። ሌሎቹ አራቱ ያንን መንገድ በር በበር አያውቁትም፤ እሱ ግን በየበሩ ይቀንሳል። ሰዓቱም እውነቱን ነው፣ የጋሽ ቱፋ መዳፍም እውነቱን ነው። ሶደሬ መንገድ ዳር ያለው ሜዳ ላይ በር የለም። እዚያ ይበራል።

አንድ ጆንያ ብቻ ከጫነ ማንም አይደርስበትም።

ለእሷ ምንም አላልኩም። ቤቷ ምስር ወጥ በላሁ። ትንሿ ልጅ ጎማ የሚሸለመው የቀደመ ነው ወይስ የተሻለ የሮጠ ብላ ጠየቀችኝ። የቀደመ ነው አልኳት።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 21

ዛሬ የዳንኤልን ነገር እንዳልረሳው ልጻፍ።

በምሳ ሰዓት ተሰበሰብን። ጋሽ ቱፋ ጉዳዩን ቁርጥ አድርገው አቀረቡ፤ ፈረሱ ጎበዝ ነው፣ ሰዓቱ መጥፎ ነው፣ መሐል ላይ ያለው የነጂዋ እጅ ነው፤ ከድር ላይ የፈረድን እሷም ላይ እንፍረድ። ሊቀ መንበሩም ራሱን ነቀነቀ። 

ዳንኤል ሰሌዳውን አዞረ። የከድርን ሦስት ሰዓቶች በአንድ በኩል፣ የአስካለን በሌላ በኩል ጽፎ ነበር። የከድር አንዱ ከሌላው በጣም ይራራቃል። የአስካለ ሦስቱም አንድ ናቸው ማለት ይቻላል።

«ፈረስ የሚያንቅ እጅ ይለዋወጣል» አለ። «አንድ ቀን ያጠብቃል፣ አንድ ቀን ይረሳል፣ አንድ ቀን ይፈራል። ከድርን እዩት። ሦስት ቀን፣ በነፋስና ያለ ነፋስ፣ እኩል አድርጎ የሚይዝ እጅ እኔ አላውቅም። ጋሽ ቱፋ፣ እርስዎ ያውቃሉ?»

ጋሽ ቱፋ ጠመኔውን ከእጁ ተቀብለው የአስካለን ቁጥሮች አንድ በአንድ ነኩ፤ ፈረስ እንደሚነኩ።

«አላውቅም» አሉ። «ዲሲ፣ ተወው። የያዘችው እሷ አይደለችም።»

ሰውየው አንድ ጆንያ ባሰኘው በዚያው ቁጥር እህቴን አዳነ፤ ቁጥሩን ለማሸነፊያ ሳይሆን ለማየት ስለሚጠቀምበት ነው። ከዚያ ያልጠበቅሁትን አደረገ። ቁጥሩ ራሱንም እንደማያስደስተው ተናገረ። «የማይለዋወጥ ነገር ይዞታል» አለ። «ምን እንደሆነ አላውቅም። ሳላውቅ አንድ ጆንያ ማለት ይከብደኛል።» ወደ እኔ ዞሮ፣ ወንድሟ ነህ፣ የምታውቀው ነገር አለ ወይ አለኝ።

የለም አልኩ።

ውሳኔው ለነገ ጠዋት አደረ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አስካለ ዘንድ ሄድኩ። የጋሪውን አክሲል ግራሶ ትቀባለች። ሁሉንም ነገርኳት፣ በሮቹንም። ቀና አላለችም።

«እኔ መች ጠፋኝ፣ ጋሼ» አለች። «ቢጠይቁኝ እነግራቸው ነበር። ከንፈሩን ገልጠው አዩና ሄዱ።»

ብነግራቸው ሦስት ጆንያ እንደሚጭኗት አስረዳኋት። ዝም ካልኩ ምናልባት አንድ። ልጓም ይዛለች መባሉንም ነገርኳት። ያኔ ቀና አለች።

«ማነው ያለው?»

«አሁን ትተውታል። ነጂዎቹ ግን ሰምተዋል።»

ግራሶውን በጨርቅ ከእጇ ጠረገች። ጣት በጣት ጠረገች።

«ሂድና ንገራቸው።»

«ጎማውስ?»

«ጎማውን ባገኝና አጭበርብራ ነው ቢሉኝ፣ ነሐሴ ላይ ጭቃ ውስጥ ስገባ ማን ይገፋልኛል? ሽፈራው ነው የሚገፋኝ። ከድር ነው የሚገፋኝ። አዲስ ጎማ ብቻውን ከጭቃ ያወጣል?»



ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 22

ነገርኳቸው። መጀመሪያ ትናንት የለም ያልኩት እውነት እንዳልነበረ፣ ቀጥሎ የበሮቹን ነገር።

ጋሽ ቱፋ በሁለት እጃቸው ጭናቸውን መቱ። ዳንኤል አላየኝም፤ ያየው ሰሌዳውን ነው። ቀስ ብሎ ሳቀ። «ሰዓቱ ትክክል ነበር» አለ። «የለካሁት ግን ፈረሱን አይደለም። የሰፈሩን በር ነው የለካሁት።» ሌላ ሰው ቢሆን ይከፋዋል። እሱ የጠፋበትን ዕቃ ያገኘ መሰለ። ለእኔ አንድ ቃል አላለኝም፤ በኋላ ውሃ ሲቀዳ ለእኔም ቀዳልኝ።

እንደገና ይለካ አለ። ጋሽ ቱፋ ከለከሉ። ነገ የሚሮጥን ፈረስ ዛሬ የሚያስሮጥ ፈረስ አያውቅም አሉ። ተከራከሩ። መጨረሻ ላይ ዳንኤል ከሐዲዱ ማቋረጫ ጀምሮ በር የሌለውን ረጅሙን የመጋዘን አጥር አስታወሰ። ዳማ እዚያ የሚቀንስበት ምክንያት የለውም። ሩጫው አጭር ነው፤ ባዶ ጋሪ ከሆነ ፈረሱን አይጎዳም። አምባላይና ዳማ በየተራ በአጥሩ ጥግ ይሩጡና ሰዓታቸው ይወዳደር። ጋሽ ቱፋ ተስማሙ፤ «አንድ ጊዜ ብቻ» ብለው።

ሁለቱ እኩል ሆኑ። ሽፈራው የሰዓቱን ውጤት ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለው አጣ።

«ሦስት ጆንያ» አለ ዳንኤል።

ጋሽ ቱፋ ግን የአስካለን ጋሪ ይዞሩ ነበር። ጎንበስ ብለው ጎማውን በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። ጣታቸው ገባ። ሌላኛውንም ተጫኑ።

«ሁለት» አሉ።

ሁላችንም አየናቸው። ከማክሰኞ ጀምሮ ሦስት ሲሉ የከረሙት እሳቸው ናቸው።

«እስከ ዛሬ ፈረሱን ነው ያየሁት» አሉ። «የሚጎትተውን አላየሁም። ይሄ ጎማ ነፋስ አይዝም። ሜዳው አሸዋ ነው፤ ይሰምጣል።»

«ጎማው በሰዓቱ ውስጥ አለ፣ ጋሽ ቱፋ። አሁን በአጥሩ ጥግ ሲሮጥም በዚሁ ጎማ ነው።»

«አስፋልት ላይ።»

«አስፋልት ላይ። ግን አሸዋው ምን ያህል እንደሚይዘው አልለካንም። ያልለካነውን አንቆጥርም።»

«ያልለካኸው ሁሉ የለም ማለት ነው?»

 ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ይህን አሁንም አምናለሁ። በአራት ቀን ውስጥ ቦታ ተለዋወጡ፤ አንዱም ይህን ለማሸነፊያ አላነሳውም። እንዲህ የሚከራከሩ ሰዎች ያሉበት ስብሰባ ላይ መቀመጥ በዚህ ዘመን ብርቅ ነው።

ወደ እኔ ዞሩ። ሁለት ማለት ፈለግሁ። ስለፈለግሁ አላመንኩትም። ሦስት አልኩ።

አስካለ ከማዶ ቆማ ትሰማ ነበር። ፈረሷን ፈትታ ሄደች።

እሑድ፣ ሚያዝያ 23፣ ሆሣዕና

ሰልፉና በዓሉ አንድ ቀን ዋሉ። ሰው ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን የዘንባባ ቀለበቱን በጣቱ እንዳደረገ መጥቶ ከመፈክሩ ሥር ተሰለፈ። ሽፈራው በአምባላዩ ግንባር ላይ የዘንባባ መስቀል አስሮ መጣ። ሊቀ መንበሩ አየና ወደ ሌላ ዞረ።

ከሰዓት ሜዳው ሞላ። ከሞጆና ከወንጂም የመጣ ሰው ነበር። ነፋሱ ከጎን ነው። ጆንያዎቹን ሰው ፊት በእህል ሚዛን መዘንን። አስካለ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አስራ ወጣች። አንዱ ከሕዝቡ መሐል፣ እናትዬ ወጥሽ እንዳያር ብሎ ጮኸ። አልዞረችም።

እኔ መድረሻው መስመር ላይ ነኝ። ጃንሜዳ የተማርኩት አንድ ነገር አለ፤ ሕዝብ ነጂውን ያያል፣ ዳኛ አፍንጫውን ያያል።

ተነሡ። መጀመሪያ ቦራ መራ። ዳማ ጥቂት ሄዶ ጆሮውን ወዲያና ወዲህ አዞረ፤ በር የሚፈልግ መሰለኝ። ከዚያ ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎ ሰውነቱን ዘረጋ። እንዲህ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። አስካለ ተነሥታ ቆማለች። አሸዋው ላይ ሲደርሱ ጎማዎቿ መሬቱን ሲያርሱት ይታያል፤ ዳማ ግን አልቀነሰም። አምባላይ በቀኝ መጣ። መጨረሻው ላይ ሦስቱ ጎን ለጎን ሆኑ፤ የማን ጋሪ ጎማ የማን እንደሆነ አይለይም። ሁለቱ ሌሎችም ብዙ አልራቁም።

አለፉ።

ማን እንደቀደመ ይጠይቁኛል ብዬ ዞር አልኩ። ዳንኤል ሰዓቱን ማቆም ረስቷል፤ በእጁ ውስጥ ይቆጥራል። ጋሽ ቱፋ የዳንኤልን ክንድ ጨምድደው ይዘዋል። አፋቸው ተከፍቷል። ሁለቱም የሚያዩት ማን እንዳሸነፈ አይደለም። አምስት ፈረስ፣ አንዱ ከሌላው የማይገናኝ፣ አንድ መስመር ላይ አንድ ላይ መድረሱን ነው። ሥራቸውን ነው የሚያዩት። ክብደት የሚመዝን ሰው ከዚህ በላይ የሚመኘው የለም።

«ሦስቱን በአንድ ነጠላ ትሸፍናቸዋለህ» አሉ ጋሽ ቱፋ። «ኤዬ፣ መምህሬ። ዕድሜዬን ሙሉ ፈረስ ሸጫለሁ፤ እንዲህ አላየሁም።»

«እርስዎ ከንፈሩን ባይገልጡ ቦራ ብቻውን ይደርስ ነበር» አለ ዳንኤል።

ሕዝቡ ይጮሃል። ግማሹ ዳማ፣ ግማሹ አምባላይ ይላል። መናገር የእኔ ነው። ያየሁት የአምባላይን አፍንጫ ነው፤ ከእሱ በአንገት ወደ ኋላ ዳማ፣ ከዳማ ትከሻ ላይ ቦራ። አምባላይ አልኩ። በእህቴ ላይ ስለፈረድኩ የተከራከረኝ የለም።

በሁለት ጆንያ ቢሆን ዳማ ያሸንፍ ነበር። ጋሽ ቱፋም አሉት፣ ቀስ ብለው። ዳንኤል አልካደም፤ ግን ያኔ ብቻውን ይሄድ ነበር፣ ውድድርም አይሆንም አለ። በዚህ ሲከራከሩ ትቻቸው ሄድኩ።

ሊቀ መንበሩ ንግግር ይዟል። አስካለን ፈለግኋት። ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ያገኘኋት የሽፈራው ጋሪ ሥር ቁጢጥ ብላ ነው። አሮጌ ጎማዎቹን ጋሽ ቱፋ እንዳደረጉት በአውራ ጣቷ ትጫናለች። ጥርሳቸው ግማሽ አለ።

«አዲሶቹን ስታስር እነዚህ የኔ ናቸው» አለችው።

«እታለም፣ ማን ሰጠሽ?»

«ግድግዳ ላይ ልትሰቅላቸው ነው?»

ሽፈራው ሳቀ። ከዚያ አልሳቀም። ተከራከሩ፤ ረጅም ነበር፣ ሁሉንም አልሰማሁም። የፈለገው በቅዳሜ ሹር ጣቢያው ላይ ያላትን ተራ ነው። በዓመት ውስጥ እንደዚያ ቀን የሚሠራበት ቀን የለም፤ በግና ሰው ሲመላለስ ይውላል። ግማሽ ቀን ልስጥህ አለችው። ሙሉ ቀን አለ። ወደ ጎማው ተመለሰችና እንደገና ተጫነችው።

እጅ ተጨባበጡ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 24

ሕማማት ገባ። ሰው ሰላምታ አይለዋወጥም፤ ከተማው ዝም ብሏል።

ጠዋት ቢሮ ከመግባቴ በፊት ጎሚስታው ዘንድ አለፍኩ። የሽፈራውን አሮጌ ጎማዎች ለአስካለ እያሰረላት ነበር። አንዱ ልጥፍ አለው። ክረምቱን ያወጡ እንደሆነ ጠየቅኩት። እንደ መንገዱ ነው፣ እንደ ነጂዋም ነው አለ።

አስካለ ዳማን ስታስር ጀርባዋን ለእኔ ሰጥታ ጠየቀችኝ።

«በሁለት ጆንያ አሸንፍ ነበር፣ ጋሼ?»

ልዋሽ አልፈለግሁም። «አዎ» አልኳት።

«እኔም መስሎኛል» አለች። ማሰሪያውን ሳበች፣ አጠበቀች። «ፋሲካን እናንተ ዘንድ እንበላለን። ቅዳሜ እቤት ስለምውል መጥቼ ዶሮውን አግዛለሁ።»

ሻይ ቤቱ ደጃፍ ዳንኤልና ጋሽ ቱፋ ተቀምጠዋል። ዳንኤል ጠረጴዛው ላይ በጣቱ የሆነ ነገር ይጽፋል፤ ጋሽ ቱፋ በመዳፋቸው ይሰርዙታል። ሲያዩኝ ቦታ ለቀቁልኝ። አሸዋ ላይ ጎማ ምን ያህል እንደሚይዝ እንዴት ይለካል ነው የዛሬው። መቀመጥ አማረኝ፤ ቢሮ ረፍዶብኛል።

አስካለ አስፋልቱን ትታ ወደ መናኸሪያው በሚወስደው ፒስታ ወጣች። ሦስት ሰው ጭናለች። ዳማ ከማያውቀው መንገድ ላይ አንገቱን ቀና አድርጎ ሄደ። ጠጠሩ ላይ እስኪርቁ ቆሜ አየሁ። ጎማው ያዘ። ነገን እንጃ።